ወደ ጭስ የሚሄዱ ከብቶች

ዓይኔ ደክሟል። ጆሮዬም ሰው ጮክ ብሎ ካላናገረው አይሰማም፤ አንዳንዴ ደግሞ ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል፣ እሱ የራሴ ጠባይ ነው። አፍንጫዬ ግን ገና ልጃገረድ ናት። ባለፈው ሐሙስ የልጅ ልጄን ሐናንን ይዤ ከገበያ በባጃጅ ስመለስ፣ ድልድዩ አጠገብ አንድ ረጅም የኑዌር ጎልማሳ እጁን አንስቶ አስቆመንና እንደምንም ታጥፎ ከሾፌሩ ጎን ገባ። ከእሱ ጋር አንድ ሽታም አብሮ ገባ። የእበት ጭስ ነው። ልብስ ላይ ያረፈ ብቻ ሳይሆን ቆዳ ውስጥ የሰረጸ፣ ወተትም አመድም ያለበት የከብት ሰፈር ጭስ። ሐናን ሒጃቧን ወደ አፍንጫዋ ሳብ ስታደርግ አየኋትና እጇን መታ አደረግኩት። «ተይ! ይሄ ጭስ ባይኖር አያትሽ አንዲት ላም አይኖራትም ነበር፤ አባትሽም በወተት አያድግም ነበር» አልኳት። ጎልማሳው ዞር ብሎ ፈገግ አለ። «ማሌ» አልኩት፣ የእነሱን ሰላምታ። «ማሌ፣ ማማ» አለኝ። ኒውላንድ ሰፈር ሲደርስ ወረደ፤ ሽታው ግን እኔን ይዞኝ ቀረ። ቤት ገብቼ የገዛሁትን ቲማቲም እንኳ ከፌስታሉ ሳላወጣ ብዙ ሰዓት ተቀመጥኩ።

በየትኛው መንግሥት ጊዜ እንደሆነ አትጠይቁኝ። እኔ ዘመን የምለካው በስኳር ዋጋ ነው፤ ያኔ ስኳር በኪሎ ሁለት ብር አይሞላም ነበር። ከወሎ በሙሽርነት መጥቼ ጋምቤላ የገባሁት በኤንትሬ የጭነት መኪና ነው፤ የጎሬን ቁልቁለት ስንወርድ ሙቀቱ ከታች እየመጣ ፊቴን ሲመታኝ «ሰዒድ፣ መስኮቱን ዝጋው» ብዬ ባሌን አስቄዋለሁ። መስኮቱ ዝግ ነበራ! ከተማዋ እንዲህ እንደ ዛሬው በሆቴልና በባንክ አልተጨናነቀችም። መሃሉ ላይ የእኛና የጥቂት ነጋዴዎች ቆርቆሮ ሱቆች፣ ከዚያ ወዲያ ባሮ፣ ባሮ ዳር ደግሞ ማንጎ። ማንጎ ገዝቶ የሚበላ ሰው ይሳቅበት ነበር፤ ከዛፉ ሥር ሄዶ ማንሳት ነው። ሱቃችን ጨው፣ ክብሪት፣ ካኪ፣ ጨሌና የዓሣ መንጠቆ ይሸጣል። ሰዒድ ከጉልበቱ በታች እንደ ጥሩምባ የሚሰፋ ሱሪ ለብሶ፣ ጎፈሬውን አበጥሮ ባንኮኒው ላይ ሲደገፍ የሀገር ሹም ይመስላል። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ነበረን፤ ከሰዓት በኋላ ዘፈን ሲለቀቅ መንገደኛ ሁሉ በሱቃችን በር ላይ ጉዳይ ያገኛል። እኔ ደግሞ ወላሂ ለባሽ ነበርኩ። አበባ ያለበት ናይለን ቀሚስ፣ የሐር ሻሽ፣ ከመርካቶ የመጣ ሽቶ። በዚያ ሙቀት ናይለን! ዛሬ ሳስበው ያልበኛል፤ ያኔ ግን ላብም ቢሆን ከፋሽኑ አይበልጥብኝም ነበር።

አባቴ በሠርጌ ቀን የወርቅ አምባር ሰጥቶኝ ነበር። እሱን ሸጬ ሦስት ላሞች ገዛሁ፤ ሰው ሁሉ አበድሽ አለኝ። ላሞቹን ከተማ የማስቀምጥበት ስላልነበረኝ፣ ከኢታንግ ወዲያ ባሮ ዳር ከብት የሚያረቡ ቱትና ሚስቱ ኛጃል ከራሳቸው ጋር ሊያውሉልኝ ወሰዱ። ቱት የሱቃችን ደንበኛ ነው፣ ጨውና ካኪ ይወስዳል። ኛጃል ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። የበኩር ልጄ ከድር ስለሆነ «ማን ከድር» ትለኛለች፤ የከድር እናት ማለት ነው በእነሱ ቋንቋ። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፣ እኔንም «አንተ» ነው የምትለኝ፤ እኔም ለምጄው ነበር። ያልለመድኩት ሽታዋን ነው። ወተት በቅል ይዛ ሱቅ ስትገባ ያ የእበት ጭስ አብሯት ይገባል፤ እሷ ስትወጣ እኔ ሽቶዬን አነሳለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ።

ያ ጭስ ከየት እንደሚመጣ ያወቅኩት በኋላ ነው። በከብት ሰፈሩ መሃል የደረቀ እበት ተከምሮ ቀንና ሌሊት ሳይነድ ይጨሳል። ጎል ይሉታል፤ የኳሱን እንዳይመስላችሁ። ቤተሰብንም በዚያው ስም ይጠሩታል አሉ። ጠዋትና ማታ ጭሱን ያበረቱታል፣ ምክንያቱም የባሮ ዳር ዝንብና ትንኝ ከብት ያሳብዳል። ማታ ሲመሽ ላም ሁሉ የሚያመጣት ሰው ሳይኖር ጭሱን አይታ፣ አሽታ ትመጣለች፤ መጥታም የራሷ ችካል አጠገብ ትቆማለች። ጥጃ ከተወለደ ጀምሮ ጭስ ማለት ዝንብ የሌለበት፣ እናቱ ያለችበት፣ እረፍት ያለበት ቦታ መሆኑን ያውቃል። እንዲህ ዓይነቱ ትምህርት ከደም ጋር ነው የሚገባ።

ከዚያ ድርቁ መጣ። ዝናቡ ምድሩን ሳያጠግብ ወጣ፣ ባሮ ሆዱ ገባ፤ ልጆች በጉልበታቸው የሚሻገሩበት ቦታ ሁሉ ነበር። ሱቃችን በር ላይ ወሬው ሌላ አይደለም፦ እዚያ ሰፈር ከብት አለቀ፣ እዚህ ሰፈር ሣር ተቃጠለ። ጎረቤታችን ሥጋ ቤት ነበረው፤ ሰዒድን «የባለቤትህን ላሞች ቆዳና አጥንት ሳይሆኑ አምጣቸው፤ እኔ እወስዳቸዋለሁ» አለው። ሰዒድም ተስማማ። ለነገሩ እኔም ተስማማሁ፤ አባቴ የሰጠኝ አምባር ባሮ ዳር ሞቶ ጅብ ሲበላው ይታየኝ ነበር። ሰዒድ ሰው ልላክ ሲለኝ ግን «ላሞቹ የኔ ናቸው፤ የማመጣቸውም እኔው ነኝ» አልኩት። ከድርን ለጎረቤት ትቼ፣ ናይለን ቀሚሴን ለብሼ፣ አዲስ ጽጌረዳ የተሳለበት ሳፋ ውስጥ ጨውና ስኳር ሞልቼ ኢታንግ በሚሄድ መኪና ላይ ወጣሁ። እጅ መንሻ ነው እንግዲህ፤ ሰው ላሙን ሊወስድ ባዶ እጁን አይሄድም።

ከኢታንግ ወዲያ የቱት ወንድም መራኝ። ሰፈሩ ወንዙ ዳር ባለ፣ ከብት ረግጦ ረግጦ ሣር ባጣ መሬት ላይ ነበር፤ ዙሪያውን ግን ሰው የሚውጥ የደረቀ ሣር። ኛጃል እንዳየችኝ ሳቀች። ለምን እንደመጣሁ ስነግራት ሳቋ ቀስ ብሎ ሄደ። ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። የእኔን ላሞች ከመውሰዳቸው በፊት በነበረው ዓመት ጎርፍ መንጋቸውን ወስዶባቸው፣ ከዘመድ አዝማድ ጥጃ በጥጃ ለምነው ነው እንደገና የቆሙት። ልጆቿ እስከ ክረምት የሚኖሩት በወተት ነው፤ ከሚታለቡት ጥቂቶች ሁለቱ ደግሞ የእኔ ነበሩ። እሷ ግን አልለመነችኝም። «ላም ያንተ ነው፣ ማን ከድር። ውሰድ» አለች። «አሁን ሣር ላይ ናቸው። ማታ ጭስ ሲጨስ ራሳቸው ይመጣሉ። ጠዋት ገመድ ትይዛለህ።» ጨዉን ተቀበለች፣ ስኳሩን ለልጆቹ አላሰች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሰማዩ ተቀየረ። ከሰፈሩ ሽቅብ፣ ከወንዙ ራቅ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ፣ ቡናማ ነገር ተነሳ። ማን እንደለኮሰው እስከ ዛሬ አይታወቅም። በዚያ አገር አዲስ ሣር እንዲያበቅል በጊዜው ማቃጠል ወግ ነው፤ በዚያ ድርቀትና በዚያ ነፋስ ግን አንድ ክብሪት በቂ ነው። ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው ተነሱ። እኔ ከብቶቹ ሲሸሹ አያለሁ ብዬ ጉብታ ላይ ወጣሁ። ያየሁት ሌላ ነው። ከብቶቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው ጭሱን አሸተቱና ወደ እሳቱ መሄድ ጀመሩ። ሳይደነብሩ፣ ሳይጋፉ፣ ማታ ወደ ቤት እንደሚገቡ ሁሉ አንዷ ከሌላዋ ኋላ ተሰልፈው! ሦስቱ ላሞቼ መሃላቸው ነበሩ።

«ኛጃል! ምን ነክቷቸው ነው?» ብዬ ጮኽኩ።

«ጭስ አዩ» አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ጭስ ቤት ነው ይላሉ።»

ቱትና ወንዶቹ ደርሰው በዱላ መመለስ ያዙ። በዚህ ሲመልሱ በዚያ ያመልጣሉ። ባሰበት፤ እሳቱ ከሣሩ ውስጥ ያባረረው ዝንብ ሁሉ መጥቶ ከብቱ ላይ ወደቀ። ዝንብ በነከሳቸው መጠን ከብቶቹ ወደ ጭሱ ይፈጥናሉ፤ እነሱ እንደሚያውቁት ከዝንብ የሚያድነው ጭስ ነውና። ያዳናቸው ትምህርት ሊፈጃቸው ነው። እኔ «ያ አላህ» ከማለት ሌላ ምንም አልመጣልኝም። ኛጃል ግን ጎንበስ ብላ ከጎሉ ዳር አመድ ዘገነች፤ ከፍ አድርጋ ለቀቀችው። አመዱ ከወንዙ ላይኛ በኩል ወደ ታች፣ ከከብቶቹ ርቆ ሄደ። አየችው። ከዚያ ለሴቶቹ በራሷ ቋንቋ አንድ ነገር ጮኸችና ወደ እኔ ዞረች።

«ዱላ ከብት አይመልስም። ከብት የሚመልሰው ጭስ ነው። የኛ ጭስ! ና፣ እበት ያዝ!»

ነገሩ ገባኝ። ከብቱ የሚፈልገው ጭስ ከሆነ የራሱን ጭስ እንስጠው። ሰፈሩ ውስጥ ብናጨስ ግን ነፋሱ ጭሱን ከከብቶቹ ያርቀዋል። ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል፣ ወንዙ ሲታጠፍ፣ ባሮ የጎደለ ጊዜ ብቅ የሚል ሰፊ የአሸዋ ደሴት አለ። እዚያ ሣር የለም፣ እሳት አይደርስም፤ እዚያ ያጨስነው ጭስ በቀጥታ ከብቶቹ አፍንጫ ላይ ይወድቃል። ችግሩ አንድ ነው፦ ወደ ደሴቱ የሚወስደው መንገድ እሳቱ ወደሚመጣበት ወገን ነው። ሰው ከእሳት ሲሸሽ እኛ ሴቶቹ ወደ እሳት ሮጥን። ማንም እኔን እሺ ትላለች ወይ ብሎ አልጠየቀም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

ሌሎቹ የደረቀውንና እርጥቡን እበት በቅርጫት፣ በቆዳ፣ በእቅፍ ያዙ። ፍሙን የሚይዝ ዕቃ ጠፋ። ዞር ስል ጽጌረዳማው ሳፋዬ! በውስጡ የቀረውን ጨው ገለበጥኩና ከጎሉ መሃል ፍሙን ዛቅኩበት። ሳፋው ሲግል የሐር ሻሼን ፈትቼ እጄን ጠቀለልኩበት። የእበት ፍም ተሸክሜ ስሮጥ የሱቃችን ደንበኞች ቢያዩኝ የሰዒድ ሚስት ጨርቋን ጣለች ነው የሚሉት። ሻሼን መጣሌ እንኳ እውነት ነው። ብናኙ ቀሚሴ ላይ ባረፈ ቁጥር ናይለኑ እየቀለጠ ወንፊት ሆነ። ደሴቱ ጋ ለመድረስ ከጉልበት በላይ የሚደርስ ውሃ አለ። አዞ እንዳለበት አውቃለሁ፤ ኛጃል በውሃው ውስጥ እየረገጠች «አዞም እሳት ይፈራል፣ ና!» አለችኝ። እውነት ይሁን ለማደፋፈር ይሁን አላውቅም፤ ብቻ ገባሁ።

ፍሙን አሸዋው ላይ ደፋሁ። ደረቁን ከሥር፣ እርጥቡን ከላይ አደረጉና ሁላችንም በግንባራችን ተደፍተን እፍ አልን። መጀመሪያ ቀጭን ሆነ። ከዚያ ነጭ፣ ወፍራም፣ አፍንጫ የሚሰብር ያ የምጠላው ጭስ ወጣ፤ ዓይኔ እያነባ «ተመስገን፣ ሸተተ!» አልኩ። ግን ነፋሱ ቆመ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ወጣ። እሳቱ ሲያገሳ ይሰማናል፣ የወንዶቹ ጩኸት ይሰማናል፤ ከብቶቹ ግን በቡናማው ውስጥ አይታዩም። ኛጃል ተነሳችና ዘፈነች። ስታልብ የምታዜመውን ለስላሳ ዜማ፣ አሁን ግን በሙሉ ጉሮሮዋ። ሌሎቹ ሴቶች ተቀበሏት። እኔ ቃሉን አላውቀውም፤ ዜማውን ይዤ «ኦ» እያልኩ አብሬ ጮኽኩ። ልጆቿ ምን እንደሚበሉ፣ ከጎርፍ በኋላ የተለመኑት ጥጆች፣ ያ ሁሉ ዓመት፣ በዚያች ዜማ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ከዚያ ነፋሱ ተመለሰ። ጭሱ ጎንበስ አለ፣ ወንዙን ተሻግሮ በሣሩ ላይ ተነጠፈ።

መጀመሪያ የሰማነው ቃጭል ነው። ቀጥሎ የቱት ቀንዳም ነጭ በሬ ከቡናማው ውስጥ ብቅ አለ፤ አፍንጫውን ወደ እኛ አዙሮ፣ ሳይቸኩል፣ የሚያውቀውን ቤት እንደሚገባ ባለቤት። ከእሱ ኋላ ሌሎቹ ጎረፉ። ቁልቁለቱን ወርደው ውሃውን ሰንጥቀው አሸዋው ላይ ወጡና ጭሱ ውስጥ ገብተው ቆሙ። የጎረቤት ሰፈር ከብትም ጭሱን አሽቶ መጣ። ሚዳቋዎች ሳይቀሩ ላሞቹ መሃል ተሰልፈው መጥተው አጠገባችን ቆሙ፤ እነሱም ሰው መፍራታቸውን ረሱ፣ ሰውም እነሱን ማደን ረሳ። ቱት በመጨረሻ ቅንድቡ ተቃጥሎ፣ እየሳለ፣ እየሳቀ መጣ። እሳቱ ተከትሎት ወንዙ ጫፍ ድረስ ደረሰና አጉረምርሞ እዚያው ሞተ። ኛጃል እልል አለች። እኔም እልል አልኩ፤ የወሎን እልልታ ባሮ ያን ቀን ሰማ። እውነቴን ነው፣ በሠርጌ ቀን እንኳ እንደዚያ አልኮራሁም።

አሁን አሁን ሣር ላይ እሳት ሲነሳ ሰው በሞባይል ይደዋወላል፤ ደግ ነው። በስደተኞቹ ሰፈር በትየርኪዲ በኩል ከብት ያላቸውም እንዲሁ ያደርጋሉ አሉ። ኛጃል ራሷ ዛሬ ኢታንግ ከልጇ ጋር ትኖራለች፣ ስልክ አላት፤ ትደውልልኝና ሁለታችንም ስለማንሰማ እየተጯጯህን እንስቃለን። ጥርሶቿ ከእኔ ይበልጣሉ። በቀደም «ስልክ ጥሩ ነው፣ ግን ላም ስልክ አያነሳም» አለችኝ። የእበቱን ክምር ዛሬም ነፋስ በሚመጣበት በኩል አዘጋጅተው ነው በጋውን የሚጠብቁት፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ደንብ ሆኗል። እኛ የከተማ ሰዎች የእሳት ማጥፊያ ቀይ ጠርሙስ ግድግዳ ላይ ሰቅለን እንዴት እንደሚከፈት አናውቅም።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ማታ ከብቶቹ ወደ ሰፈሩ ተመለሱ፤ የተረገጠ መሬት ስለሆነ እሳቱ አልነካውም ነበር። ኛጃል ከብት አትቆጥርም፣ ችካል ነው የምታየው። እያንዳንዷ ላም መጥታ ችካሏ ጋ ቆመች፣ አንድ ችካል ግን ባዶ ቀረ። ከሦስቱ ላሞቼ የቀይዋ ነው። ጥጃዋ ታስሮ ይጮሃል። ማንም አልተቀመጠም፤ የራሳቸው ሁሉ ገብቶ ሳለ የእኔን እየጠበቁ ቆመው ቀሩ። ፀሐይዋ ልትገባ ስትል ከጎረቤት መንጋ ተለይታ መጣች፣ የጭራዋ ጠጉር እስከ ሥሩ ተቃጥሎ፣ ሌላው ገላዋ ደህና። ሰፈሩ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ እኔ አንገቷን አቅፌ አለቀስኩ። ለምትታለብ ላም ጭራ አያስፈልግም ብለው አጽናኑኝ። ያን ማታ የጠጣሁት ወተት አመድ አመድ ይላል፣ እንደዚያ የጣመኝ ነገር ግን የለም።

ጠዋት ቱት ሦስቱን ላሞቼን በገመድ አስሮ ይዞልኝ ቆመ። «ማን ከድር፣ ላሞችህ» አለኝ። ቃሉን ጠባቂ ሰው ነው፤ ለምን እንደመጣሁ አልረሳም። ኛጃል ልጇን አቅፋ ወደ ወንዙ ታያለች እንጂ ወደ እኔ አታይም። ገመዱን ተቀበልኩ። ከዚያ አንድ በአንድ እየወሰድኩ ወደየችካላቸው መለስኳቸው፤ ቋጠሮው አልሆን ብሎኝ ቱት እየሳቀ አስተካከለልኝ። ኛጃል ዞራ አየችኝና «አንተ አሁን የኛ ጎል ነህ» አለችኝ።

ጋምቤላ የደረስኩት ከሰዓት ነው። ሻሽ የለኝም፣ ቀሚሴ ወንፊት ነው፣ ፊቴ ጥላሸት፣ ሽታዬ ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ሱቅ ገብቷል። ሰዒድ ከባንኮኒው ኋላ ዘሎ ወጣ። ባለሥጋ ቤቱ ጎረቤታችን ደግሞ ገመዱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ሻይ በእጁ ይዞ፣ በረንዳው ላይ ይጠብቀኛል።

«ላሞቹስ?» አለኝ ሰዒድ።

«ሻይህን ጨርስና ሂድ፣ ወንድሜ» አልኩት ባለሥጋ ቤቱን። «ላሞቼ ትናንት ከእሳት ወጥተዋል። የወጡት ለቢላዋ አይደለም።»